ገለፈት

በሽቫቢያ አምባ ላይ፣ ድንጋይ በሚበቅልበት፣
ውሃው አፈር ጥሎ ወደ ታች በሚሰርግበት፣
ወፍጮ ቤት አለኝ እኔ፤ ያባቴ፣ ያያቴ፤
ዱቄት ነው ሽበቴ፣ ዱቄት ነው ውርሴ ሀብቴ።
መንደርተኛው ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ
ደጄ ላይ ሲያራግፍ፣ ሲሟገተኝ ቆሞ፣
ማን ማንን እንዳኮረፈ አውቃለሁ በእህሉ፤
ሰው ቢዋሽ ጆንያ አይዋሽም፤ ክብደቱ ነው ቃሉ።

ዋልቡርጋና ጌብሃርት እኅትና ወንድም ናቸው፤
አንድ ማሳ ነበር አባት የተወላቸው።
መርዝ ሳይረጩበት፣ የከረጢት ጨው ሳይበትኑ፣
ሃያ ዓመት አረሱት፣ ፍግና ማገጥ እያመኑ።
ባንድ ጥቅምት ግን ነገር ከነገር ገጠመ፤
ማሳው መሀል ለመሀል ገመድ ተጋደመ።

እሱ ስንዴ አለ፦ "ራቁቱን የሚወጣ፣
ባንድ ምት የሚፈታ፣ ገዢ የማያጣ።"
እሷ ዲንከል አለች፦ "ከነቀሚሱ የሚዘራ፣
ብርድ የለመደ፣ ድንጋይ የማይፈራ።"
(ዲንከል የስንዴ ያጎት ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ኩሩ፤
ቢወቁት አይራቆት፤ ገለፈቱ ነው ክብሩ።)

በመዝሪያው ቱቦ ውስጥ ገለፈት እየተሰካ
ዋልቡርጋ በሽቦ ስትጎረጉር፣ መሽቷል ለካ።
ጌብሃርት ከማዶ፣ ዘርቶ ጨርሶ፣
ፉጨቱን ለቀቀው፣ ባርኔጣውን መልሶ።

በረዶው አለበሰ። በረዶው ገፈፈ።
በመጋቢት ስንዴው ገርጥቶ ተረፈ፤
ብርዳሙ አፈር ምግቡን ገና አልለቀቀ፤
ጌብሃርት ተንበርክኮ፣ ሥር እየመዘዘ ጠየቀ።
ማንን እንደጠየቀ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ባለ ጥርሱን ማበጠሪያ ጎትቶ
አረሙን አበጠረው፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ።
እኅቱ ያን ሰሞን ጉልበቷን ታማ ነበር።
ስትነሣ፣ ከገመዱ ወዲህ፣ በራሷ ዳር፣
የጎማ ዱካ አየች።
ምንም አላለች።

ሐምሌ ላይ ዲንከሉ ከሰው ደረት በለጠ፤
ባንድ ሌሊት ነፋስ ግማሹ ተገለበጠ።
ስንዴው ግን አጭር ነው፤ ቆመ እንደ ወታደር፤
ፉጨቱ ተሰማ ከገመዱ ወዲያ ዳር።

ቀጥሎ ዝናብ ጣለ፤ ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ሌት፤
ማጨጃው ተገትሮ ዋለ ከደጅ ፊት።
ስንዴው ዛላው ላይ በቀለ፤ አረንጓዴ ምላስ አወጣ፤
ራቁቱን ለቆመ እንዲህ ነው ውሃ ሲመጣ።
ዲንከሉ፣ ተጋድሞም፣ ከነቀሚሱ ታቅፎ
ፍሬውን አዳነው፣ ዝናቡን አሳልፎ።

እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን ሚዛን ሌላ አወራ፤
ከመቶ ኪሎ ሠላሳው በወንፊቴ በራ።
ዋልቡርጋ እፍኝ ገለፈት ከወለሉ ዘግና
"ለነፋስ ነው ወይ ያረስኩት?" አለች፣ ደጁን አየትና።
የጌብሃርትን ስንዴ ዳቦ ጋጋሪው መለሰው፤
ለአሳማ ቀለብ ሆነ፤ ዋጋውም ያው እንደ አሳማው።
ቢራ ቤት ጠየቁኝ፦ "ታዲያ ማን አሸነፈ?"
"ዝናቡ" አልኳቸው። ሳቁ። ነገሩ አለፈ።

ሰው ያላየውን እነግራችኋለሁ፦
ያን ገለፈት ዋልቡርጋ በጆንያ ወሰደችው፤
ጨርቅ ሰፍታ፣ ጠቅጥቃ፣ ትራስ አደረገችው፤
አንገቱን ለሚያመው ወንድሟ ደጃፍ ላይ ጥላው ሄደች።
አላመሰገናትም። "ይንኮሻኮሻል" አለኝ፣ ተቆጥቶ፤
"ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር፣
ማሳ ውስጥ ሰው የሚሄድ ይመስላል፤
ነፋስ ይመስላል፤
እኅቴ በሽቦ ቱቦ ስትጎረጉር ይመስላል።
እንቅልፍ ነሣኝ።"
"ታዲያ ለምን አትጥለውም?" ብለው
ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በዓመቱ ጥቅምት ሁለት ጆንያ ዘር አመጡልኝ፣
አንድ ስንዴ፣ አንድ ዲንከል፣ ባንድ ጋሪ።
እንደ ልማዴ አፍንጫዬን ከትቼ አሸተትኩ፤
አረማሞ ያለበት ዘር የከረመ ዓሣ ይሸታል።
ደኅና ነበር፤ አፈር አፈር ነው የሸተተኝ።
አፋቸውን መልሼ ሳስር ግን ገመዱን አየሁት፦
ጭቃ የበላው፣ ፀሐይ ያነጣው፣
በቢላዋ ለሁለት የተቆረጠ።
ዐውቀዋለሁ ያን ገመድ።
አጥብቄ አሰርኩበት።