የዘበኛው መዝገብ

ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ በር ላይ አለሁ፤
የገባ የወጣ በስም እጽፋለሁ።
መታወቂያ ሳላይ፣ ኪስ ሳልደባብስ
ከንቲባም ቢመጣ አላውቅ መለሳለስ።

ባለፈው ዓመት ግን ከአራተኛ «ለ» ጀርባ
የባትሪ ማቅለጫ ቆመና፣ አንድ እንግዳ ገባ።
በአጥር ተሻግሮ፣ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣
ስሙን ሳይነግረኝ፣ ዘበኛውን አቃልሎ።

የአዳማን ነፋስ መቼም ታውቁታላችሁ፤
ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነጭ ክንፍ ሲያዞር
መብራት ሆነ ብላችሁ ትኮሩበታላችሁ።
ያው እሱ ነፋስ ነው፣ ከሰዓት ሲገለበጥ፣
ጭሱን አዝሎ መጥቶ ከልጆች ጋር የሚቀመጥ።

መምህርት ስፍራሽ መስኮት ትዘጋለች፤
ሙቀቱ ሲያፍናት መልሳ ትከፍታለች።
ስልሳ ሦስት ልጅ ነው፣ ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ፤
ግንቦት ሲገባማ፣ ወይ ጭስ፣ ወይ መቀቀያ።

ጠዋት በቦርሳቸው እርሳስ ይዘው ይገባሉ፤
ማታም እርሳስ ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ።
የጠዋቱንስ እኔ ለልጅ ልጄ እገዛለሁ፤
የማታውን ማን ገዛላት? እሱን እጠይቃለሁ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነን ፈርመን
ቀበሌ ሄድን።
ወይዘሮ ዙሪያሽ ከገመድ ያወረደችውን አንሶላ
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤
«ይኼ ጥላሸት ከየት መጣ?»
«አቧራ ነው፤ አዳማ መች አቧራ አጣች?»

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። በእሑድ። ምድጃው ተኝቶ።
እኔው ከፈትኩላቸው፣ እኔው መዘገብኳቸው፦
ጉዳይ፦ ጭስ ፍለጋ።
የገቡበት፦ 3፡10። የወጡበት፦ 3፡25።
አንደኛው ሲወጣ ጫማውን አራገፈ።

ያን ለት ማታ አሰብኩ፦ ለሰው መዝገብ ካለ፣
አጥር ዘሎ የሚገባው ለምን ሳይጻፍ ዋለ?
ከሰኞ ጀምሬ ጻፍኩት፣ እንደ ማንም፦

ስም፦ ጭስ።
መታወቂያ፦ የለውም።
ጉዳይ፦ አልተናገረም።
የገባበት፦ 8፡40።
ፊርማ፦ የወይዘሮ ዙሪያሽ አንሶላ ላይ።
የወጣበት፦

ሰማንያ ሰባት ቀን እንዲህ።

በቀበሌው አዳራሽ መነጽሬን አድርጌ
ገጽ በገጽ አነበብኩት።
የድርጅቱ ሰው ሳቀ፦
«ጭስ እኮ ዘር የለው፣ አገር የለው፣
የኛ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሳ።
የኔው ልጅ፣ በዳሳ።
የቤታችንን ኪራይ የሚከፍል፣
ማንኪያ ሲያነሳ ሾርባው የሚፈስበት።
«ምድጃውን የምለኩሰው እኔ ነኝ» አለ።
«የአባቴ መዝገብ ትክክል ነው።
አርብ አርብ ብቻ፣
ግማሽ ሰዓት አዘግይቶ ጽፎታል።»

አዳራሹ አጨበጨበ ይላሉ።
እኔ አልሰማሁም።
የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ የያዘ
እጁን ነበር የማየው።

ደብዳቤ ወጣ፦ «እስኪጣራ ድረስ ለጊዜው ይቁም።»
ምድጃው ቆመ፤ ደሞዙም አብሮ ቆመ።
የቤት አከራያችን ግን አልቆሙም፤
በነጋታው ደጃችንን አንኳኩ።

ሐሙስ ለት በሩ ላይ አንድ ወላጅ መጣ።
መታወቂያ ጠየቅኩት። ሳቅ አለና አሳየኝ።

ስም፦ በዳሳ ሌንጂሳ።
ሥራ፦ (ይህን ዓምድ ዘለልኩት)
ጉዳይ፦ ልጁን ሊወስድ።
የገባበት፦ 9፡30።
የወጣበት፦ 9፡35፣ ከኪያ ጋር፣ እጅ ለእጅ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ይዛው ስለነበር፤
ወይ ደግሞ
አብረው እየተንቀጠቀጡ ይሆናል፣
ከሩቅ አይለይም።

መዝገቡን ልዘጋ ስል
ከላይ ያለችው መስመር ታየችኝ፤
«ጭስ» ካልኩት ፊት ለፊት
የወጣበት ሰዓት አሁንም ባዶ ነው።

እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ
ቁጭ ብያለሁ።