የግራ እጅ ቋጠሮ

ቆጠራው አለቀ፤ በሩ ከውጭ ተዘጋ።
የደብረ ብርሃን ብርድ በቆርቆሮው ገባ፣
እንደ አዲስ እስረኛ ቦታ እየፈለገ
ከእግሬ ጣት ተነስቶ ጉልበቴ ላይ ዐረገ።

ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ።
ሳጅን ዘውድነሽ በመስኮቱ ብረት ጣቷን አሳልፋ
«እንዳትተኚ» አለችኝ፣
«ያቺን የሞላሌ ልጅ አደራ፣ አደራ።»
ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ልመና መሰለ።

አራት ቀን ሆናት ስንዱ ካፏ ቃል ከወጣ።
ምግቧን ለትርንጎ ትገፋለች፤
ነጠላዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ራስጌዬ አኖረችው።
ሰው ዕቃውን ሲያድል፣ ሰርግ ካልሆነ፣ መንገድ ነው።
ይኼን መንገድ አውቀዋለሁ፤
እኔም ጀምሬው ነበር፣ ያኔ፣ በመጣሁ ዓመት።
እማማ በለጥሻቸው ናት ከመሃል የመለሰችኝ፤
ምንም አልመከረችኝም፤
አጠገቤ ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ የበግ ጠጉር ፈተለች።
ሲነጋ ክሩ እግሬ ድረስ መጥቶ ነበር።

እዚህ ቤት ስሙ አይጠራም።
«ከጠሩት ይመጣል» ይላሉ፣ እንደ ጅብ፣ በመሸ።
እኔ ግን ሳይጠራ ሲመጣ አይቼዋለሁ።
ስለዚህ ጠጋ ብዬ፣ ጋቢዬን አካፍዬ፣
አፍ አውጥቼ ጠየቅኳት፦
«ስንዱ፣ ልትሞቺ ታስቢያለሽ?»

አልተቆጣችም። አልደነገጠችም።
ብዙ ቆይታ፣ ከጫማዋ ላይ የማይታይ ጭቃ ፍቃ ፍቃ፣
ከትራሷ ሥር ፌስታል አወጣች፤
ውስጡ በሻሽ የታሰረ በሶ፣
እሑድ በጠያቂ የመጣ፣ እስካሁን ያልተፈታ።

«እዪው፣ ቋጠሮውን።»
አየሁት። ቋጠሮ ነው።
«እናቴ ግራኝ ናት።
ስትቋጥር ጫፉ ወደ ግራ ይወድቃል፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ጠያቂው ቢቀያየር ቋጠሮው አልተቀየረም።
ይኼ የቀኝ እጅ ነው።
አጎቴን ‹እንዴት ናት?› ስለው ‹ደኅና ናት› አለኝ፣
በሽቦው ማዶ ሆኖ፣ ጫማዬን እያየ።»

ለካ አራት ቀን ሙሉ መርዶሽን ብቻሽን ይዘሻል።
አገር ቤት ቢሆን በማለዳ ነው፤
ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣
ወገብሽን የሚይዝ፣ ነጠላሽን የሚያነሳልሽ አይጠፋም።
እዚህ ሞት እንኳ በፍተሻ ገብቶ
በበሶ መሃል ተቋጥሮ ይደርሳል።

ከጥጉ ድምፅ መጣ፤ ትርንጎ፣ ለካ ነቅታለች፦
«እጇን አሟት እንደሆነስ? ማን ያውቃል?
ሞታም ከሆነ በወጉ ይነገርሽ፣ በወጉ እናልቅስ።
ሃያ ሦስት ሴት እያለን
ለገዛ እናትሽ ብቻሽን ለቅሶ አትቀመጪም።»

ያኔ ነው ስንዱ ያለቀሰችው።
ጮክ ብላ፣ አፍንጫዋን ሳትጠርግ፣ እንደ ሕፃን።
አንዷ ተነሳች፣ ሌላዋ ተነሳች፣
ፍራሽ ከፍራሽ ተገጠመ።
በመስኮቱ ባትሪ በራ። ሳጅን ዘውድነሽ ሰማች፣ ቆየች።
«ጠዋት ሞላሌ አስደውላለሁ፤ ማስፈረም አለብኝ እንጂ» ብላ ሄደች።
ምን እንደሚሉን አላውቅም።

«ሁሉም ያልፋል» አላልኳትም።
ሁሉም አያልፍም፤ ሌሊት ግን ያልፋል፣
አንድ አንዱ፣ ሰው አብሮ ከጠበቀው።

ሊነጋጋ ሲል «ፍቺው» ብላ ሰጠችኝ።
ጣቴ ደንዝዞ እምቢ ቢል በጥርሴ ፈታሁት፤
በፕላስቲክ ኩባያ በጠበጥነው፣ ስኳር የለም፣ በጨው፣
ተቀባበልነው።
ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሼ
«እንኪ ነጠላሽን፣ በልኬ አይደለም» አልኳት።

ቆጠራ ተጀመረ።
ስሟ ሲጠራ፣ ዘግይታ፣ በተዘጋ ድምፅ
«አለሁ» አለች።

ዛሬ ማታ ተራው የትርንጎ ነው።