ወገቡ የሚታጠፍ

ሐይፋ፣ የፉርጎ ግቢ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
የጥበቃ ወንበር፣ የባሕር ነፋስ ሲመታኝ።
ናፍጣው ሎኮሞቲቭ ፉርጎ እየገፋ፣
ያጉረመርማል እንጂ እንፋሎት አይተፋ።
ንጹሕ ነው፣ ጎበዝ ነው፤ ግን አይታጠፍም፣
እንደዚያ እንደኔው ባቡር ወገብ የለውም።

አሥመራ ዴፖ ነው የተዋወቅነው፣
እኔ ያንጥረኛ ልጅ፣ እሱ የብረት ሰው።
አንድ ቦይለር ጫንቃው ላይ፣ ሁለት ሞተር ከሥሩ፣
አራት ሲሊንደሮች በየተራ ሲያጓሩ፤
ጨውና ሲሚንቶ የሞላውን ፉርጎ፣
ሲለይ ያድር ነበር፣ አንዱን ካንዱ ፈልጎ።
ኩርባው ላይ ሲደርስ
የፊቱ እግር ቀድሞ ሐዲዱን ሲያሸት፣
የኋላው ገና ነው፣ ቀጥ ባለው መሬት።
ላፍታ ሁለት ሐሳብ፣ አንድ እሳት ባንድ ሆድ፣
ከዚያ ደግሞ አንድ ነው፣ ይቀጥላል መንገድ።

በመንደሬማ እሳት ስድብ ነበር።
«ቡዳ» ይሉን ነበር ማረሻ ሲወስዱ፣
በዚያው በኛ ብረት በሬያቸውን ሲነዱ።
ዴፖው ግን አካፋ ሰጠኝና ዝም አለ፤
ምድጃ ዘር አይጠይቅ፣ ከሰል እስካለ።

ኖጋ፣ የልጅ ልጄ፣ ዓርብ መጣች ልታየኝ፤
በዕብራይስጥ ጠየቀች፣ ባማርኛ ሰማችኝ።
«አያቴ፣ ያ ባቡር እንዴት ነው 'ሚታጠፍ?»
በክንዴ አሳየኋት፣ ከክርን እስከ መዳፍ፤
ጣቴ ዞሮ ሄዶ ቀርሜሎስን ሲያይ፣
ክርኔ ገና ደቡብ፣ ቀይ ባሕር ላይ።
ሳቀች። ስልኳ ጠራ። ሮጠች።

እኔ ክንዴን እንዳጠፍኩ ቀረሁ።
ፉርጎው ሲጋጭ ሰማሁ፣
አርባ ሁለት ቆጠርሁ።
የመጨረሻው ፍሬኑ ይጮሃል፤
ሲነጋ ላለቃ እነግራለሁ።