አሥር ደቂቃ

ጦሳ ከጉም ሳይወጣ፣ ከቧንቧው ክምር ዳር
ቆመን ነው የምናወራው፤ ወንበር ያስረዝማል ነገር።
ጦይባ ትጠይቃለች፣ ሰዓቷን ገልጣ፣
"ምን ሠራህ? ምን ቀረህ? ምን ያዘህ?" ሌላ ወሬ ሳይመጣ።

ግን ወሎ ነው አገሩ፤ ሰላምታው መች ያልቃል?
ልጁ ይጠየቃል፣ ጥጃው ይጠየቃል።
ስድስቱ ደቂቃ በ"እንዴት አደርክ" አለቀ፣
የጦይባ ትዕግሥት እንደ ድሮ ቱቦ ተሰነጠቀ።

"ሪፖርት!" ስትል፣ ይመር "ደህና"፣ አረቡም "ደህና"፣
እኔም "ደህና"፤ ሥራ ሊጀመር ነውና።

"ቆይ አረቡ፣ ቅድም 'እንቅልፍ አጣሁ' አላልክም ነበር?"
"እሱማ ሰላምታ ነው... ቧንቧ ውሃ፣ ከደጃፌ ሥር፣
ሌሊቱን የሚያፏጭ ነገር።"

አካፋ ጫንን።

ከዚያ ወዲህ በጦይባ ደብተር ላይ፣
ከሦስቱ ጥያቄ በላይ፣
"እንዴት አደራችሁ?" ተጽፏል፤
አሥር ደቂቃችን አሥራ ስድስት ሆኗል።