ቆሮሶ ከሌለ

ሣጥኑን ከጀልባው ወለል በገመድ አሠርነው፤
ማዕበል ቢነሣ ድምፅ እንዳይሰጥም ነው።
ታዛቢ ሦስት፣ ፖሊስ ሁለት፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም፤
ተወዳዳሪ ግን ከአንዲት ሴት በቀር የለም።

ሰኔ ላይ አቶ አንለይ በዘጠኝ ድምፅ አሸነፉ፤
ጥቅምት ሳይጋመስ ሹመት አግኝተው ደብረ ማርቆስ ከነፉ።
ስማቸው አንለይ፣ ሥራቸው መለየት።
ወንበሩ ባዶ ቀረ፤
«እንደገና ይመረጥ» የሚል ደብዳቤ ከባሕር ዳር በረረ።
ሁለተኛ የወጣችው አስረሴ ግን እዚያው ናት፤
ወደቡ ዳር አሳ ትጠብሳለች፤ ማንም አልጠየቃት።

ክፍሌን ለጣቢያ ለቀቅሁ፤ ልጆቹ ሦስት ቀን ቤት ዋሉ።
የማባዛት ሠንጠረዡን ከሰሌዳው አጠፋሁ፣
«መራጭ በዚህ» ብዬ ጻፍሁ።
ማባዛቱ ግን አልቀረልኝም፦
ቤንዚን በጀሪካን፣ አበል በሰው፣ ሰው በቀን፣
ድንኳን፣ ማኅተም፣ ወረቀት...
ድምሩን አልናገርም።
የወደቡ ሳንቃ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አለፈ፤ መልሱ «በጀት የለም»።
ይኸው ሣጥኑን ታቅፈን
በዚያው ስብራት ላይ በዳዴ አለፍን።

ከዘጌ ወዲያ፣ አንዲት ደሴት። መዝገቤ ላይ አሥራ አራት ስም፤
አሥራ አንዱ መጡ።
አባ ውብነህ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው፦
«ያለፈው ቀለም ከጥፍሬ ሥር ሳይለቅ መጣችሁ?
ደግሞስ አንዲት ናት፤ ከማን ለይቼ ልምረጣት?» ብለው ሳቁ።

ብቻ የኔዓለም፣ አሥራ ስምንት የሞላት በመስከረም፣
የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ በወንድሟ ታንኳ መጥታ፣
ወረቀቱን ስትቀበል እጇ ተንቀጠቀጠ።
እሷን አይቼ ሒሳቤን ለአፍታ አጠፍሁት።

ደንብ ነው፤ ዛሬ ከዕጩ እጅ አልበላም። ረሃብ ግን ያስታውሳል፤
አስረሴ ደንበኛ ስትቀበል እንዲህ ትላለች፦
«ቆሮሶ ከሌለ?» «አምባዛ።»
«እሱም ካለቀ?» «ሽሮ።» በቃ፣ ትሄዳለች።
ቆሮሶው ሲያልቅባት ደጅ ወጥታ አትጣራም፤
ሃምሳ ሰው አሰልፋ «እንደገና እዘዙ» አትልም።
ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን ታስታውሳለች፤
ዘይቱ ሳይበርድ ታቀርባለች።
ወረቀታችን ግን አንድ ምልክት ብቻ ይወዳል፤
ሁለተኛ ሐሳብ ያለው ሰው ድምፁ ተበላሽቶ ይወድቃል።

ማታ በፋኖስ ቆጠርን።
አሥሩ ለአስረሴ።
በአንዱ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በጎበጠ ፊደል፦
«መጀመሪያ ሳንቃው» ይላል።
ታዛቢዎቹ ተያዩ። ደንቡ ግልጽ ነው፤
ዋጋ የሌለው ድምፅ ብዬ
ለብቻው አኖርሁት።