አንበሳውን ስንገፍ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ቧንቧው አየር ያፏጫል፣ ውኃ ከሄደ ሰንብቷል፤
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣
የብሎኩ መብራት ጠፍቶ የእኛ ስልክ ብቻ በርቷል።
እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፤
«አትንቀጥቀጥ» ትለኛለች ሲያዝለኝ ድካሜ።

እናታችን ያወጣችላት ስም ብዙአየሁ፤
ዛሬ ብዙ ያያታል፣ እሷ ግን ማንን አየች? እላለሁ።
ቁጥራቸው ጥግ ላይ አለ፦ ሦስት መቶ አርባ፤
ፊቷ ከቁጥሩ ጋር ይጠወልጋል፣
ከቁጥሩ ጋር ያወጣል አበባ።

«ንኩ ወገን፣ ንኩ፤ ልቤን ንኩት!» ትላለች፤
ስክሪኑ በአውራ ጣት ሲመታ
ልቡ ቀይ ቀይ እያለ ወደ ላይ ይተናል።
ልብ ግን አይመነዘርም፤
ይኼን በመጀመሪያው ወር ተምረናል።

ከዚያ ውጊያው ይመጣል።
ስክሪኑ ለሁለት ይሰነጠቃል፤
በወዲያኛው ግማሽ ኦብሳ የሚባል ልጅ ከቡራዩ፤
ሁለቱም ይስቃሉ፣ ሁለቱም እራት አልበሉም፣
ሁለቱም «አምስት ደቂቃ ብቻ!» እያሉ ይጣራሉ።
ብዙ የተሰጠው ያሸንፋል፤
የተሸነፈው ቅጣት አለው፣ የሚመርጠው ተመልካች ነው፣
ሁሌም የሚመርጡት ደግሞ
አንድ ባልዲ ውኃ በራስ ላይ ማፍሰስ ነው።
ጄሪካኑ ስንት እንደገባ ማን ይንገራቸው?
እኔ ከሥሯ ሳፋ አኖራለሁ፣ ካሜራው የማያየው ቦታ፤
የሳቁበት ውኃ
ለሽንት ቤት ይሆነናል ማታ።

ጅቡም አለ። ከድንጋይ ካባው ማዶ ይጮኻል።
«ድምፁን ከየት አወረድሽው?» ይላሉ፤
«የምር ጅብ ነው» ስትላቸው
በሳቅ ይፈርሳሉ።

በአራተኛው ደቂቃ፣ ዝምተኛው የምንለው፣
አንድ ቃል ጽፎ የማያውቅ ሰው፣
አንበሳ ወረወረ።
ስክሪኑን ሞላው፤ ጎፈሩን ነሰነሰ፣ አገሳ፤
እሷ ጮኸች፣ እኔም ጮኽኩ፣
ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፣ የሰው ልጅ ከእንቅልፉ ተነሣ።
ኦብሳ ባልዲውን አንሥቶ በራሱ ላይ ደፋ፤
ከሥሩ እንደኛ ይሆን፣
ማን ያውቃል፣ ሳፋ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንበሳውን እንገፋለን።
ግማሹን መድረኩ በልቶታል፣ ገና ሳያገሳ፤
ከግማሹ ላይ የኤጀንሲው ሰው ትከሻውን አነሣ፤
«ሰዓት አላሟላሽም» ብሎ ደግሞ ከጎድኑ ጨመረ፤
መገናኛ ያለው ልጅ፣ ወደ ብር የሚቀይረው፣
ቆዳውን ጠቅልሎ በረረ።
ጥቅል ኢንተርኔት ጨጓራውን ወሰደ።
ለኛ የደረሰን ጭራው ነው፤
በጭራ ደግሞ ዝንብ ያባርሩበታል እንጂ
ሆድ አይሞላበትም።
የቆጣሪ ካርድ ሞላንበት። ሁለት ጄሪካን ገዛንበት።
ለኔ አንድ ደብተር።

በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ መጣ፤
ከሥሩ አንዲት መስመር፦
«ለማሟሟቂያ የተወረወረ አንበሳ፣ ተቀናሽ።»
ዝምተኛው ለካ ኤጀንሲው ራሱ ኖሯል፤
ሌላው አይቶ እንዲቀና፣ ኪሱን እንዲፈታ፣
የገዛ አንበሳውን ለቆ መልሶ አስሯል።
ብዙአየሁ ሁለቴ አነበበችው።
«ጩኸቴ ግን» አለች፣ «የምር ነበረ።»

የዚያን ዕለት ማታ ኔትዎርኩ ሄደ።
ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደረቀ፣ አፏ እንደተከፈተ።
በረንዳ ወጥታ ብረቱን ተደገፈች።
ጅቡ ካባውን ተሻግሮ መጥቷል፤ በጣም ቀርቧል።
«ወንድሜ» አለችው፣
«ካንተስ ስንት ይቆርጣሉ?»
እኔ ባትሪውን እንደያዝኩ ነኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ፤
ማጅራቷን አበራለሁ።
ዝም አለ፣ ዝም አለ፤
ከዚያ መለሰላት፣ ረጅም አድርጎ፣
ማንም ሳይቆጥርለት።
ሲሄድ ጊዜ፣ እንደ ወጉ፣
የኮንዶሚኒየሙ ውሾች መጮኽ ጀመሩ።