ሃያ አንድ ቀን

«ከበዓላት በኋላ» አለች ጸሐፊዋ፤
ስልኩ ውስጥ ይሰማል የሚማሰል ሻይዋ፣
ማንኪያው ሲዞር፣ ሲዞር። በቂርያት ጋትማ
ከበዓል በፊት ጉዳይ መች ማንስ ሊሰማ!

ያኔ ሾሐም ልጄ ስድስት ዓመት ከሁለት ወር፣
የፊት ጥርሱ ገና መነቅነቅ ሲጀምር፤
«ፊደል አይዝም» አሉ። ቤትን ከካፍ ጋራ
ያምታታል፤ መስመሩን ይጀምራል ከግራ፣
እንደ አባቱ ፊደል። ማን አስተማረው?
ማንም። የገበያ ዝርዝር ስጽፍ አይቶኝ ነው።

የመኪና ድምፅ ግን ሰምቶ ይለያል፤
«ይኼ የጋሽ ፈንታ፣ ፍሬኑ አልቋል» ይላል።
ሳምንት ሳይሞላ ነው የፈንታ መኪና
መብራቱን ያለፈው፤ አጥር ጣሰና
ቆመ።
ይኼ የሚጻፍበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው። ሊአት፣ ታላቅ እህቱ፣
ትተረጉማለች፣ እየገፋ ሌሊቱ።
«አባ፣ ይኼ ቃል ‹ዘገምተኛ› ነው ወይ?»
«‹የሚዘገይ› በይው።» «ልዩነት አለው ወይ?»
እናቷ ብርቄሽ ነች የመለሰችላት፦
«አንዱ ኋላ ይደርሳል። አንዱን ዘጉበት።»

ሳምንት ሙሉ ብዕሩን አልነካም አለች።
«ስም ለመለጠፍ ሲሆን ይሮጣሉ» አለች፣
«ለመርዳት ሲሆን ግን ሰዓታቸው ቆመች።»
እኔ ፈረምኩበት። ተጣላን። ታረቅን።
ከዚያ ጥበቃ ነው፤ ኅዳርን አለፍን።
ሳይኮሎጂስቷ አንዲት፣ ትምህርት ቤቶች አራት፤
የኛ ቀን ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ጉንፋን ያዛት።
በሌላኛው ሐሙስ ጉንፋን ያዘው ሾሐም።
በሦስተኛው፣ አድማ። ማንም ጥፋት የለበትም።

ከመስኮት ሥራዬ ማታ ስመለስ ቤት
ኪሴን ይበረብራል ብሎን ለማግኘት፤
አንዲቱን ይመርጥና በሃላዋ ጣሳ
ይጥላታል፣ ቃጭ! አንድም ቀን ሳይረሳ፣
ከሰንበት በስተቀር።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም ነበር።

በየካቲት ማለቂያ ደብዳቤ ተላከ፦
«ከዛሬ ጀምሮ በሃያ አንደኛው ቀን
ጉባኤው ይቀመጣል። ወላጆች ይምጡልን።»
ሃያ አንድ ቀን! እናቴ በወገራ ሳለች
ዶሮ ስታስታቅፍ ይህንኑ ትቆጥር ነበር፤
ቀኑ ሲደርስ ቅርፊቱ ከውስጥ ይሰበር ነበር።
እዚህ ግን የፖስታው ሣጥን ቁልፉ ጠፍቶ
አሥራ ስድስት ቀን ከርሟል ደብዳቤው ተኝቶ።
አምስት ቀን ቀረችን።

አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሳህን ብስኩት፣
ማንም ያልነካው። ከጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር
(መስኮቱን ዓየሁት፤ የኛ ፋብሪካ ሥራ ነው)
ያለምወርቅ አስተርጓሚዋ ተቀምጣ ነበር።
«ስንት ድረስ ይቆጥራል?» አለ ባለ መነጽር፤
ራሱ አነበበው፦ «ከአሥር አይሻገር።»

ጣሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መቶ ሠላሳ ሰባት።
ትናንት ማታ ቆጥሮ ነግሮኛል ሳይስት፣
አሥሩን በአማርኛ፣ የቀረውን በዕብራይስጥ።
ባወጣው፣ «ደኅና ነው» ብለው ያጥፋሉ መዝገቡን፤
ባላወጣው፣ ይጽፋሉ አለማወቁን።
እጄ ዚፑ ላይ ነው። ያለምወርቅ አየችኝ።
ብርቄሽ ከጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤
«አውጣው» ማለቷ ነው፣ ወይስ «ተው»?
እስከ ዛሬ አልጠየቅኋት። እስከ ዛሬ አልነገረችኝ።

«መልሱ በደብዳቤ ይደርሳችኋል» አሉ።
«መቼ?» «ከፋሲካ በኋላ።»

ውጭ ሾሐም ከሊአት ጋር ይጠብቃል፤
የፊት ጥርሱ ወድቆ ሌላው ብቅ ብሏል፣
ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቀጠሮ ሳይዝ።
ቦርሳዬ ሲንቀጫቀጭ ሰምቶ ቀና አለ፤
ምንም አላለኝም።
«ሰባት ቁጥር መጣ» አለ ቀጥሎ።
መንገዱን አየነው፤ ባዶ ነው።
ቆመን ጠበቅነው።